ለዒላማ ጥይት የትኛው ዳይ? የጅማ የቶርኖ ሠራተኞች የተከራከሩበት ክር

እኛ የጅማ የቶርኖ ሠራተኞች በጽሑፍ በምንወያይበት መድረካችን በብዛት የሚነሣው የቡና መፈልፈያ ዘንግ፣ የባጃጅ ኩሽኔታና ጥርሱ ያለቀ ብሎን ነው። ሰሞኑን ግን ጅማ ተወልዶ ያደገ፣ የቶርኖ ሙያ እዚሁ ተምሮ አሁን በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚኖር ወንድማችን ያልተለመደ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ ክሩ፣ ማለትም ጥያቄውና ከሥሩ የተከታተሉት መልሶች፣ የተጀመረው እንዲህ ነው። ሰውዬው በሚኖርበት አገር በሕግ የተፈቀደ የዒላማ ተኩስ ውድድር ይሳተፋል። የሚወዳደርበት ዘርፍ ኤፍ ቲ አር ይባላል፤ በዚህ ዘርፍ የሚፈቀዱት ሁለት የጥይት ዓይነቶች ብቻ ሲሆኑ የእሱ ምርጫ በ1952 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለገበያ የቀረበው 308 ዊንቸስተር ነው። ተኩሱ እስከ 1000 ያርድ፣ ማለትም እስከ 914 ሜትር ይደርሳል። የአሥር ነጥቧ ክብ በዚያ ርቀት ስፋቷ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ተወዳዳሪዎቹ የተተኮሰውን ቀለሃ መልሰው ይሞሉታል። ቀለሃው ሲተኮስ በቻምበሩ፣ ማለትም በጠመንጃው ውስጥ በሚቀመጥበት ጉድጓድ፣ ልክ ስለሚያብጥ ዳይ በሚባል ቅርጽ ማስያዣ ብረት ውስጥ ገብቶ ይጠብባል፤ ከዚያ በሌላ ዳይ አዲሱ አረር አፉ ላይ ይተከላል። የወንድማችን ቅሬታ ጥይቶቹ አንድ ቦታ አልሰበሰብ ማለታቸው ነበር። ጥፋተኛው አረር መትከያው ዳይ ነው ብሎ ደምድሟል። ስለዚህ ያለውን ርካሽ ባለ ሁለት ዳይ ስብስብ ጥሎ፣ ራሱ ላይ ማይክሮሜትር ያለበትን ውድ መትከያ ለመግዛት አስቧል። ጋሾቼና ወንድሞቼ ብሎ ጀምሮ፣ እዚያ የሚጠይቃቸው ሰዎች የፋብሪካ ስም ብቻ እየጠሩ ስላሰለቹት ብረት ከሚያውቅ ሰው ምክር እንደሚፈልግ ጻፈ።

1ኛው መልስ ሰላምታና እንኳን ለዚህ አበቃህ የሚል ነበር። 2ኛውን የላከው ካናዳ የሚኖር የጅማ ልጅ ሲሆን፣ ጠያቂው ሰለቸኝ ያለውን መልሶ አደረገው። ሬዲንግ፣ ፎርስተር፣ አርሲቢኤስ፣ ሊ፣ ዊልሰን እያለ የአምራቾችን ስም ደረደረ፤ ለምን አንዱ ከሌላው እንደሚሻል ግን አንድ መስመር አልጨመረም።

3ኛው ቁጣ ነበር። እዚሁ ጅማ መንደራ ሰፈር የሚኖር አንድ አባል፣ አገሩ የጥይት ድምፅ ሰልችቶት ሳለ መድረኩ ስለ ጥይት ማውራቱን አጥብቆ ተቃወመ፤ ክሩም እንዲዘጋ ጠየቀ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ሌሎችም አልናቁትም። የመድረኩ ኃላፊ በ4ኛው መልስ ጉዳዩን በግልጽ አስቀመጠው። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና ጥይት ጉዳይ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሆኑን፣ ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረት ወንጀል መሆኑን፣ ስለዚህ ክሩ የሚቀጥለው በውጭ አገር ሕግ ለሚገዛ ስፖርተኛ የልኬት ምክር እስከሆነ ድረስ ብቻ መሆኑን አስታወቀ። ስለ ባሩድ መጠን አንድ ቃል ከተጻፈ እንደሚሰረዝም አከለ። ቃሉን ጠብቋል፤ በኋላ አንድ መልስ በዚህ ምክንያት ተነሥቷል።

ክሩን ክር ያደረገው 5ኛው መልስ ነው። የጻፉት ሄርማታ አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቶርኖ ላይ ያሳለፉ፣ ብዙዎቻችን ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ጠመንጃ እንደማያውቁ በመጀመሪያው መስመር ተናገሩ። ነገር ግን በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቅርጹን የሚይዝ ናስ ምን እንደሆነ እንደሚያውቁ፣ ሳይለኩ መሣሪያ መግዛትም ገንዘብ ማባከን እንደሆነ ጻፉ። ከዚያም ወንድማችንን አራት ልኬት ጠየቁት። የተተኮሰው ቀለሃ አንገት የውጭ ስፋት ስንት ነው? ከዳይ ሲወጣ ስንት ይሆናል? አረሩ ከተተከለ በኋላስ? ቀለሃው በዲያል ጌጅ፣ ማለትም ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ በሚያሳይ መለኪያ፣ ሥር ሲዞር በየደረጃው ስንት ይወላገዳል? የመጨረሻውን ጥያቄ በየደረጃው ለይቶ እንዲመልስ አጥብቀው አሳሰቡት።

እኔ በዚህ ክር ላይ የምለው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ዳይ የሚመረጠው ከካታሎግ ሳይሆን ከራስ ቀለሃ ልኬት ነው። ከዚህ በኋላ የተጻፈው ጠቃሚ ነገር ሁሉ የተገኘው ከእነዚያ አራት ጥያቄዎች ነው።

ወንድማችን በ6ኛው መልስ ቁጥሮቹን ይዞ ተመለሰ። የተተኮሰው ቀለሃ አንገት 0.344 ኢንች፣ በእኛ አቆጣጠር 8.74 ሚሊ ሜትር ነው። ዳዩ አጥብቦ ወደ 0.330 ኢንች ያወርደዋል። ቀለሃው ከዳዩ ሲወጣ ደግሞ በመሐል ዘንጉ ላይ ያለችው ማስፊያ ኳስ በአንገቱ ውስጥ ተጎትታ ታልፍና መልሳ ታሰፋዋለች። አረሩ ከተተከለበት በኋላ 0.337 ይሆናል። የተተኮሰው ቀለሃ በዲያል ጌጁ ሥር ሲዞር መርፌዋ ምንም አትነቃነቅም ለማለት ይቻላል። ከዳዩ ሲወጣ ግን ወደ 0.004 ኢንች ይወላገዳል፤ አረሩ ሲተከል የሚጨመረው ጥቂት ነው።

ይህን ያነበበ የቶርኖ ሰው ሁሉ ነገሩ ወዲያው ገባው። ቀለሃው ከጠመንጃው ሲወጣ ቀጥ ያለ ነበር፤ ያጣመመው ማጥበቢያው ዳይ ነው። ውዱ ባለ ማይክሮሜትር መትከያ ጠማማ አንገት ተቀብሎ ጠማማ ጥይት ያወጣል።

ከ7ኛው እስከ 9ኛው ያሉት መልሶች ኳሷን ብቻ የሚመለከቱ ናቸው፤ እኔም ደጋግሜ ያነበብኳቸው እነሱን ነው። 7ኛው ጸሐፊ ናሱ የሚሄደውን መንገድ አሳየ። ከ0.344 ወደ 0.330 ሲወርድ 14 ሺኛ ኢንች ይጠባል፤ ከዚያ ኳሷ አምስት ያህሉን መልሳ ትከፍታለች። አንገቱ ሊጠብ ከሚገባው በላይ ይጨመቃል፤ ያ ትርፍ ጉዞ በእያንዳንዱ ሙሌት ስለሚደገም ናሱ ይደድራል፤ በመጨረሻም አንገቱ ይሰነጠቃል። ኳሷ ስትጎተት ቀለሃው ከሥሩ ብቻ የተያዘ ስለሆነ ዘንጉ ጥቂት ካዘነበለ አንገቱን ይዞት ያዘነብላል። 8ኛው ኳሷ ትውለቅና ያለ እሷ ይለካ አለ። የካናዳው ልጅ በ9ኛው ተመልሶ፣ በዚህ ጊዜ ቁም ነገር ይዞ፣ ኳሷን አውልቆ በምትኩ በሌላ ዳይ ላይ የሚታሰር ማንድረል፣ ማለትም በልክ የተሠራ ክብ ዘንግ፣ ከላይ ወደ ታች መግፋት እንደሚቻል አስረዳ። መጎተት አንገትን ወደ ላይ ስለሚስብና ስለሚያጣምም መግፋት ይሻላል የሚለው ሐሳቡ ትክክል ነው። የአንገቱ ውስጥ ከውስጥ በማንድረል ሲስተካከል የግድግዳው ውፍረት ልዩነት ወደ ውጭ ይገፋል፤ አረሩን የሚይዘው ገጽ ክብ ሆኖ ይቀራል።

10ኛው የእኔ ነበር። የጻፍኩት ስለ መትከያው ዳይ ሲሆን፣ ሰዎች ሁለት ነገር አንድ ላይ እያጣመሩ ስለሚገዙ መለየት ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። ማይክሮሜትሩ ጥልቀትን ይደግማል እንጂ አረርን አያቀናም። አረርን የሚያቀናው፣ ካለ፣ በውስጥ ያለችው ተንሸራታች እጅጌ ናት። ከመተከሉ በፊት ቀለሃውንና አረሩን አንድ ላይ ይዛ በአንድ መስመር ታቆማቸዋለች። ያለ ማይክሮሜትር የሚሸጥ ግን እጅጌ ያለው መትከያ አለ፤ ገንዘብ ለሚቆጥብ ሰው እሱ ይበቃል። ጥልቀቱ ደግሞ ከአረሩ ጫፍ መለካት የለበትም፤ የአረር ጫፍ ከአንዱ አንዱ ይለያያል። የሚለካው ከቀለሃው ሥር እስከ አረሩ ጎን የሚጎብጥበት ቦታ ነው፣ ጠመንጃውም የሚያውቀው ያንን ነው። መትከያው ዘንግም አረሩን ጫፉ ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ መጫን ይኖርበታል። ለረጅምና ቀጭን አረሮች ለብቻው የተዘጋጀ ዘንግ ይሸጣል።

ከ11ኛው በኋላ ቃና ተለወጠ። ጭቅጭቁ ቡሽንግ ባለውና በአንድ ልክ በተሞረደው ዳይ መካከል ነበር። በቡሽንጉ ዳይ አንገቱን የሚያጠበው ተቀያያሪ የብረት ቀለበት ነው፤ ቀለበቶቹ በየ0.001 ኢንች ልዩነት ይሸጣሉ። ምርጫው ቀላል ሂሳብ ነው። አረር የተተከለበት አንገት 0.337 ከሆነ፣ አረሩን አጥብቆ ለመያዝ ሁለት ሺኛ ይቀነሳል፤ ናሱ ደግሞ ከቀለበቱ ሲወጣ ወደ አንድ ሺኛ ያህል ተመልሶ ስለሚከፈት ሌላ አንድ ይቀነሳል፤ ስለዚህ 0.334። በተሞረደው ዳይ ግን የአንገቱ ክፍል ፋብሪካው ውስጥ በደንበኛው ትእዛዝ ይሞረዳል፤ ፎርስተር ይህን አገልግሎት ይሰጣል። ሁሉ ነገር አንድ ቁራጭ ብረት ስለሆነ ልቅ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም።

12ኛው ጸሐፊ ቡሽንግ በቤቱ ውስጥ ስለሚንቀሳቀስ ማዕከል አይጠብቅም ብሎ ፈረደ። 13ኛው፣ ሰውዬው ቡሽንግ አይቶ እንደማያውቅ ጠቅሶ በጣም በሻከረ ቃል መለሰለት፤ ቀለበቱ ሆነ ተብሎ ልቅ የሚደረገው በቀለሃው ላይ ራሱን እንዲያስተካክል ነው አለ። 14ኛው ስድብ ስለነበረበት ኃላፊው አለሳለሰው። ሁለቱም ወገኖች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ቡሽንግ የሚይዘው የአንገቱን ውጭ ስለሆነ ግድግዳው በአንድ በኩል ወፍራም ከሆነ ልዩነቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ቀለሃው ወደ አንገቱ በሚጠብበት በትከሻው አጠገብም ጥቂት ያልጠበበ ቀለበት ይተዋል። የተሞረደው ዳይ ደግሞ ለአንድ ዓይነት ቀለሃ ብቻ ልክ ነው። ሌላ ፋብሪካ የሠራውን፣ አንገቱ ወፈር ያለውን ቀለሃ ከገዛህ ዳዩ ይቀራል። 15ኛው ጸሐፊ፣ በጨዋ ቃል፣ ማንም ያላነሣውን ነጥብ አመጣ። ከ0.344 ወደ 0.334 በአንድ ቡሽንግ ማውረድ ብዙ ነው፤ ከአምስት ሺኛ በላይ በአንድ ጊዜ ሲጠብ አንገቱ መወላገድ ይጀምራል። መጀመሪያ በ0.339፣ ቀጥሎ በ0.334 ማለፍ ይሻላል።

16ኛው፣ አንገት ብቻ የሚያጠብ ዳይ ይበቃል፣ ናሱም ዕድሜው ይረዝማል የሚል ነበር። ይህ የድሮ ዕውቀት ነው። 17ኛው በአጭሩ አረመው። አንገቱ ብቻ የሚጠብ ቀለሃ ደጋግሞ ሲተኮስ ጎኑና ትከሻው እየሰፋ የጠመንጃው መቆለፊያ በችግር እስኪዘጋ ይደርሳል፤ ያኔ ተኳሹ መቆለፊያውን ሲታገል ጠመንጃው ከዒላማው ይነቃነቃል። ዛሬ ብዙ ተወዳዳሪዎች ሙሉውን ቀለሃ ያጠባሉ። ትከሻውን የሚገፉት ግን አንድ ወይም ሁለት ሺኛ ኢንች ብቻ ነው፤ ያንንም በመለኪያ እየተከታተሉ ዳዩን በጥቂቱ እያሽከረከሩ ያስተካክላሉ።

ከዚያ ክሩ መንገዱን ሳተ፤ መሳቱ ግን ደስ ያሰኘኝ ነበር። አንዱ ቅባት ሳይቀባ ቀለሃ ዳይ ውስጥ ስላጣበቀ ሰው ተረከ። የዳዩ ውስጥ በጣም ጠንካራው ካርባይድ ቢሆንም ባለ ትከሻ ቀለሃ ያለ ቅባት አይገባም። ማስወጫው ለእኛ ለቶርኖ ሰዎች የታወቀ ዘዴ ነው፤ የቀለሃው ሥር በመሰርሰሪያ ይሰፋል፣ ጥርስ ይወጣለታል፣ ብሎን ይታሰርና ብሎኑ ሲጠብቅ ቀለሃውን እየሳበ ያወጣዋል። ሌላው የዳዮቹ የውጭ ጥርስ ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ሰባት ስምንተኛ ኢንች ስፋት፣ በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ነው፤ ከጥቂቶች በቀር አምራቾቹ ሁሉ የሚጠቀሙት ይኸንኑ ነው። ይህ ደግሞ ጅማ ውስጥ ያሉ የሚሊ ሜትር ቶርኖዎች የኢንች ጥርስ እንዴት እንደሚያወጡ ወደሚል ክርክር ወሰደን። መልሱ 127 ጥርስ ያለው ማርሽ ነው፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በአምስት ሲባዛ ትክክል 127 ይመጣል፤ ከዚያ ያነሰ ማርሽ ልኩን በትክክል አይሰጥም። በዚህ ብቻ አምስት መልሶች ተጻፉ።

የጅማን በርጩማ የሚቀርጽ አንድ አናጢ በ23ኛው ገባ። ሦስት እግር ያለው በርጩማ ወለሉ ቢጎረብጥም እንደማይወዛወዝ፣ አራት እግር ያለው ግን አንዱ እግሩ ሁልጊዜ እንደሚንሳፈፍ አስታወሰና፣ ዳዩ ከመጠን በላይ ጠብቆ ከታሰረ ከቀለሃው ጋር እንደማይስማማ ጠረጠረ። ብረት ሠራተኛ ሳይሆን ነገሩን አገኘው። ፎርስተር የሚሠራው አንድ ፕሬስ፣ ማለትም ቀለሃውን ወደ ዳዩ የሚገፋው መሣሪያ፣ ዳዩንም ቀለሃውንም በጥቂቱ ልቅ አድርጎ የሚይዘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁለቱ ማዕከላቸውን ራሳቸው ያገኛሉ።

24ኛው መልስ የመጣው ብረታ ብረት ከሚያስተምር ሰው ነው። ቀለሃ የሚሠራበት ናስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ መሆኑን፣ በተጨመቀ ቁጥርም እንደሚደድር አስረዳ። አንዱ ቀለሃ ሦስት ጊዜ፣ ሌላው ስምንት ጊዜ የተተኮሰ ከሆነ ከአንድ ዳይ ሲወጡ ተመልሰው የሚከፈቱበት ልክ ይለያያል፤ የትኛውም ውድ ዳይ ይህን አይፈውስም። ስለዚህ አንገቱን በልኩ አሙቆ ማለስለስ ያስፈልጋል፤ ሙቀቱ ግን ወደ ቀለሃው ሥር መድረስ የለበትም፤ የለሰለሰ ሥር የተኩሱን ግፊት መቋቋም ስለማይችል ተኳሹን ይጎዳል። ይህን መልስ ያነበበ ሁሉ አመስግኗል። እኔም ከ5ኛው ቀጥሎ የምሰጠው ደረጃ ለዚህ ነው።

26ኛው ብዙዎችን አስቆጣ። አንድ ወጣት፣ ዳዩን እዚህ ቶርኖ ላይ ሠርተን ብንልክለትስ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ጋሼ እንደ ልጃቸው ገሠጹት። የዳይ ውስጥ በቶርኖ ቢላ ተቆርጦ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ለዚያ ቅርጽ በተሠራ ሪመር፣ ማለትም በጉድጓድ ማስፊያ መሣሪያ፣ ይከፈታል፣ ብረቱ በሙቀት ይጠነክራል፣ ከዚያ ውስጡ ይወለወላል። አንድ ሺኛ ኢንች የሚሳሳት ሰው የሠራውን መሣሪያ ፊቱ አጠገብ በሚፈነዳ ነገር ላይ መሞከር ሕይወትን መናቅ ነው። ከሕጉም አንጻር እጃችን ከዚህ መራቅ አለበት አሉ። ወጣቱ በ28ኛው በትሕትና ተቀበለ፤ ቀጥሎም የ3ኛው መልስ ጸሐፊ ተመልሶ ጋሼን አመሰገነ። ከዚያ ወዲህ እሱም በክሩ ውስጥ ቆየ፤ እንዲያውም በድሮ ዘመን በብዙ የኢትዮጵያ ገበያዎች ውጅግራ የተባለው የድሮ የፈረንሳይ ጠመንጃ ጥይት እንደ ገንዘብ ይሠራ እንደነበር ያስታወሰን እሱ ነው።

ወንድማችን በ31ኛው ተመለሰ። ኳሷን አውልቆ ጥቂት ቀለሃ አጥብቦ ለክቷል። መወላገዱ ከአራት ሺኛ ወደ አንድ ሺኛ ወርዷል፤ አንገቱ ግን ያለ ኳሷ ከመጠን በላይ ጠባብ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሙሉ ቀለሃ የሚያጠብ ባለ ቡሽንግ ዳይና ሁለት ቀለበቶች፣ 0.339 እና 0.334፣ አዟል። ማይክሮሜትር ያለውን መትከያ አልገዛም፤ አሮጌውን ይዞ ይቆያል። ቁጥሮቹ ትክክለኛውን መንገድ ስለሚያሳዩ በዚህ ውሳኔ እስማማለሁ። የካናዳው ልጅ 0.335ም ተጨማሪ ይዘዝ፣ አዲስ ቀለሃ ሲገዛ ያስፈልገዋል ብሏል፤ ዋጋዋ ትንሽ ስለሆነ ይህም ተገቢ ምክር ነው።

ክሩ እስካሁን አልተዘጋም። ቁጥር 33 ላይ ጋሼ 127 ጥርስ ያለው ማርሽ ጅማ ውስጥ ያለው ሰው እንዲያሳውቃቸው ጠይቀዋል፤ የአንድ የቡና መፈልፈያ ማሽን የኢንች ጥርስ ብሎን ተሰብሮባቸዋል። ያላችሁ እዚያው መልሱላቸው።